ከካሪ እስከ ወጥ፦ የቅመም መንገድና የነጋዴ አማና

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



«ኢማም ስለ ሶላት፣ ስለ ዘካና ስለ ጾም ይናገር እንጂ ስለ ወጥ ምን አገባው?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁንና ቁርኣን በሱረቱ ዐበሳ ውስጥ ሰው ወደሚበላው ምግብ በአስተውሎት እንዲመለከት ያዝዛል። ምግባችንን አስተውለን ካየነው የአላህን ጸጋ፣ የሰዎችን ልፋትና የራሳችንንም ኃላፊነት እናይበታለን።

እስቲ ከመርሳ ገበያ የበርበሬ ቅመም ሸምታ የምትመለስ የአንዲት እናት ዘንቢል እንመልከት። ዛላው ከማረቆ፣ ከሀላባ ወይም ከቡሬ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዝንጅብሉ የወላይታ ወይም የከምባታ ነው። ኮረሪማው ከከፋ ወይም ከጋሞ፣ እርዱ ከቴፒ በኩል፣ ጨዉ ከአፋር የመጣ ነው። ቅርንፉዱና ቀረፋው ደግሞ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። እናታችን ከሀብሩ ሳትወጣ አገር ምድሩን በዘንቢሏ ተሸክማ ትገባለች ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት ወደ አንድ ድስት ተሰበሰበ? በማን እጅ መጣ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት «ካሪ» የተባለውን የሕንዶች ምግብ ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል። የእነርሱ ካሪና የእኛ ወጥ በአንድ የንግድ መንገድ ዳር ያደጉ ዘመዳሞች ናቸውና።

«ካሪ» ምንድን ነው?

ካሪ የሚለው ቃል የተገኘው በደቡብ ሕንድ ከሚነገረው የታሚል ቋንቋ ነው። ትርጉሙም ከሩዝ ጋር የሚቀርብ ማባያ ማለት ነው። እኛ የእንጀራ ማባያ የምንለውን እነርሱ የሩዝ አድርገው ካሪ አሉት። ፖርቱጋሎች ወደ ሕንድ በሄዱ ጊዜ ቃሉን ከአገሬው ሰሙ፤ በኋላም እንግሊዞች ወረሱት። እ.ኤ.አ. በ1747 ሐና ግላስ የተባለች እንግሊዛዊት ባሳተመችው የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ ውስጥ «በሕንዶች መንገድ» የሚሠራ ካሪ ተካቶ ይገኛል።

ሕንዶች ራሳቸው ግን ምግባቸውን ሁሉ በአንድ ስም አይጠሩም ነበር። በደቡብ በክክና በአትክልት የሚሠራው ሳምባር ነው። በሰሜን በሙጋል ሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ያማረው፣ ሥጋ በእርጎና በቅመም ቀስ ብሎ የሚበስልበት ደግሞ ቆርማ ነው። እንግሊዞች ይህንን ሁሉ ካሪ ብለው ጠቀለሉት፤ ቅመሙንም አንድ ላይ ፈጭተው የካሪ ዱቄት እያሉ ይሸጡት ጀመር። ይህ ማለት አንድ የውጭ ሰው መጥቶ ቀይ ወጡንም፣ አልጫውንም፣ ሽሮውንም፣ ምንቸት አብሹንም «በርበሬ» ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነው።

ምግቡ ከስሙ እጅግ የቀደመ ነው። በሰሜን ሕንድ ፋርማና በተባለ ጥንታዊ ሥፍራ በቁፋሮ የተገኙ፣ ከ4 ሺህ ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ የሸክላ ዕቃዎች ተመርምረው የዝንጅብልና የእርድ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል።

አሠራሩን ብናስተያየው ዝምድናው ይታያል። የሕንድ እናት ቅቤዋን አንጥራ ሽንኩርትና ቅመም ታቁላላበታለች፤ ሥጋውን ወይም ክኩን ጨምራ በመጨረሻ ሌላ የተፈጨ ቅመም ትነሰንስበታለች። የእኛ እናት ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ታቁላላለች፤ ከዚያ ዘይቱን ወይም ቅቤውን፣ በርበሬውንና ውኃውን ታስከትላለች፤ ሲወጣም መከለሻ ታደርግበታለች። ቅቤውንም እነርሱ ያነጥሩታል፤ እኛ ደግሞ በኮሰረት፣ በኮረሪማና በእርድ እያሸተትን እናነጥረዋለን።

ታዲያ ወጥ የካሪ ልጅ ነውን? አይደለም። ኮረሪማና ኮሰረት የዚህችው አገር በቃዮች ናቸው፤ ጤፉና እንጀራውም የእኛው ነው። ወጥና ካሪ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው ብንል ይቀላል። ዘመድ ከዘመድ እንደሚበዳደር ሁሉ ባለፉት ዘመናት ብዙ ተበዳድረዋል።

የመረቅ ነገር ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሚወዱት ምግብ አንዱ ሰሪድ ነበር፤ ይህም ቂጣ በሥጋ መረቅ የሚፈተፈትበት፣ ከእኛ ፍትፍት ጋር የሚመሳሰል ምግብ ነው። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት አንድ ልብስ ሰፊ መልእክተኛውን (ሰ.ዐ.ወ.) ለምግብ ጠርቷቸው የገብስ ቂጣና ዱባ ከቋንጣ ጋር የገባበት መረቅ አቅርቦላቸዋል። እርሳቸውም ዱባውን ከሳህኑ ዳር ዳር እየፈለጉ ሲመገቡ አነስ አይተዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮም አነስ ዱባ ወዳጅ ሆኑ።

ከበርበሬ በፊት

ዛሬ በርበሬ የሌለው ቀይ ወጥ ሊታሰብ አይችልም። ነገር ግን በርበሬ የአፍሪካም የእስያም ተወላጅ አይደለም። አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት ሕንድም፣ ዐረብም፣ ሐበሻም በርበሬን አያውቁም ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል መርከቦች ዘሩን ወደ ሕንድ ጠረፍ አደረሱት፤ ከዚያም በነጋዴና በገበሬ እጅ ከአገር አገር ተዛመተ። ወደ እኛም የገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት አያቶቻችን ምግባቸውን በምን ያጣፍጡ ነበር? የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝና ዝንጅብል ነበር። ቁንዶ በርበሬ የሕንድ ማላባር ጠረፍ ፍሬ ሲሆን በዚያ ዘመን ዋጋው ከገንዘብ የማይተናነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ለመንገድ ወጪያቸው ቁንዶ በርበሬ ጭነው መጥተዋል፤ ከእርሱም ለንጉሡ በስጦታ አቅርበዋል። ዛሬ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ፍሬ ያኔ ለንጉሥ የሚበረከት ነበር።

ቅመሙ በማን እጅ መጣ?

ቁርኣን ቁረይሾችን የክረምቱንና የበጋውን ጉዞ እያስታወሰ ለቤቱ ጌታ እንዲገዙ ያዛቸዋል። ቁረይሾች ወደ የመንና ወደ ሻም የሚመላለሱ ነጋዴዎች ነበሩ። ከሕንድ በመርከብ ወደ የመን የደረሰው ቅመም በግመል ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር። ዝንጅብል በሱረቱል ኢንሳን የጀነት ሰዎች መጠጥ መቀላቀያ ሆኖ የተጠቀሰው አድማጮቹ ዝንጅብልን የሚያውቁና የሚወዱ ስለነበሩ ነው።

ኢስላም ከተስፋፋ በኋላ የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ሆነ። በነፋስ ወቅት ከካሊከት የተነሳ መርከብ ወደ ዐደን፣ ወደ ዘይላዕና ወደ መቅደሾ ይመጣል፤ ነፋሱ ሲዞርም ይመለሳል። ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 በዘይላዕ አልፎ መቅደሾ በደረሰ ጊዜ የቀረበለትን ማዕድ ጽፎልናል። በቅቤ የተቀቀለ ሩዝ በትልቅ የእንጨት ገበታ ላይ ሆኖ፣ በላዩ ከዶሮ፣ ከሥጋ፣ ከዓሣና ከአትክልት የተሠራ ማባያ ተደርጎበት ነበር። አጠገቡም በሆምጣጤና በጨው የተዘፈዘፈ ሎሚና ቃሪያ መሰል ቁንዶ፣ እርጥብ ዝንጅብልና ማንጎ ነበረበት። እንግሊዞች ካሪ የሚለውን ቃል ከመስማታቸው ከብዙ ዘመን በፊት በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለ ማዕድ ለእንግዳ ይቀርብ ነበር።

ወደ እኛው አካባቢ እንመለስ። ከላይ ከጠቀስናቸው የፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ወደ አንጎት፣ ማለትም ወደ ዛሬው የራያና የየጁ አገር ከመድረሱ በፊት በደቡብ ትግራይ በኩል ማንደለይ የተባለች የሙስሊሞች የገበያ ከተማ አግኝቷል። ከዓለም የሚመጣ ሸቀጥ ሁሉ የሚገኝባት፣ የባሕር ወደብ የምትመስል ከተማ እንደነበረች መስክሯል። ከጅዳ፣ ከግብፅ፣ ከሞሮኮ፣ ከቱርክ፣ ከሆርሙዝና ከሕንድ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎችንም በዚያ አይቷል። የሕንድ ሙስሊም ነጋዴ በእግር ከወልዲያ ጥቂት ቀናት በሚያስኬድ ሥፍራ ገበያ ይቆም ነበር ማለት ነው፤ ያውም ከ500 ዓመታት በፊት።

የሄዱበትን መንገድ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ዝንጅብል በዐረብኛ ዘንጀቢል ነው። ከሙን ከሙን ነው። ቀረፋ ቂርፋ፣ ቅርንፉድ ቀረንፉል፣ ገውዝ ጀውዝ ነው። ሄልም እንዲሁ ከዐረብኛ የመጣ ነው። እርድን ደግሞ የመኖች «ሁርድ» ይሉታል። ወጥ የምትሠራ እናት ዐረብኛ ባትማርም ከጓዳዋ መደርደሪያ ላይ ግማሹን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ታገኘዋለች።

ይህንን ሸቀጥ ከጠረፍ ወደ ደጋ ያወጡት በአብዛኛው የጀበርቲ፣ የአርጎባ፣ የአፋርና የሐረሪ ነጋዴዎች ነበሩ። በሰሜኑ ደጋ በብዙ ሥፍራ ለሙስሊሙ ርስት ስለማይፈቀድለት ንግድና ሽመና መተዳደሪያው ሆነው ነበር። ከምጽዋ ወደ ጎንደር፣ ከታጁራ በአውሳ በኩል ወደ አልዩ አምባ፣ ከዘይላዕ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ በእነርሱ የተመራ ነው። በወሎም የሰኞው የባቲ ገበያ እስከ ዛሬ ደገኛውንና አፋሩን ያገናኛል። በዚያው መንገድ ሑጃጁም ኪታቡም ይመላለስ ነበር። በየጁ እንደ ዳና ያሉት የዒልም ማዕከላት ከሐረመይን ጋር የተገናኙት በእነዚሁ የእግርና የግመል መንገዶች ነው።

በአማና የተከፈተ፣ በኃይል የተነጠቀ

ውድ አድማጮች፣ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ባንክና ቴሌፎን ባልነበረበት ዘመን የካሊከት ነጋዴ ጭነቱን ለማያውቀው የዐደን ሰው እንዴት አምኖ ይልካል? የሲራራው መሪ የሌላውን ገንዘብ ይዞ ለወራት ሲጓዝ ማን ይቆጣጠረዋል? መልሱ አማና ነው። ሚዛኑ የማይጎድል፣ ቃሉ የማይታጠፍ፣ የዕቃውን ነውር የማይደብቅ ነጋዴ በሄደበት ይታመናል። የካሊከት ንጉሥ ሂንዱ ሆኖ ሳለ ሙስሊም ነጋዴዎችን በአገሩ አስቀምጦ ያከብራቸው ነበር፤ መስጊዳቸውንም አልነካም። በሱማትራ፣ በጃቫና በማሌዥያ ኢስላም የገባው በጦር አልነበረም፤ ነጋዴውና ዓሊሙ ተከታትለው ሄደው ነው። ሕዝቡ ቁርኣኑን ከማንበቡ በፊት ሚዛኑን አነበበ።

ሌሎች ደግሞ ይህንኑ መንገድ በኃይል ሊይዙት መጡ። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ካሊከት ደረሰ። በ1502 በተመለሰ ጊዜ ከሐጅ የሚመለሱ ሙስሊሞችን የያዘች መርከብ ከነሰዎቿ አቃጠለ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባት። የሆላንድ ኩባንያም የገውዝን ንግድ ለብቻው ለመጠቅለል እ.ኤ.አ. በ1621 የባንዳ ደሴቶችን ወረረ። በብዛት ሙስሊም ከነበረው ሕዝብ አብዛኛው ተገደለ፣ ተሸጠ ወይም ተሰደደ። አንዲት የገውዝ ፍሬ ይህን ያህል ደም አፍስሳለች። ይህን የምናነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ስስት ሚዛንን ሲያሸንፍ ንግድ ወደ ምን እንደሚለወጥ እንድናውቅ ነው።

ዓለምን የዞረው ድስት

ካሪ ከሕንድ ወጥቶ የሄደው አንዳንዴ በነጋዴ፣ አንዳንዴም በግፍ በተነዱ ሰዎች ጫንቃ ነው። በታይላንድ «ማሳማን» የሚባል ታዋቂ ካሪ አለ። ስሙ «ሙስሊማን» ከሚለው የመጣ ነው፤ የሙስሊሞች ወጥ ማለታቸው ነው። በቀረፋ፣ በሄልና በቅርንፉድ ስለሚሠራ ከአካባቢው ምግብ ይለያል። በኢንዶኔዥያ የሚናንግካባው ሙስሊሞች ሥጋን በኮኮናት ወተትና በቅመም ውኃው እስኪመጥ ድረስ አብስለው «ሬንዳንግ» ይሉታል። እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ሥጋ እንደ ቋንጣችን ለረጅም መንገድ ስንቅ ይሆናል።

ሆላንዶች ከእነዚሁ ደሴቶች ብዙ ሙስሊሞችን ባሪያና ግዞተኛ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ አጋዙ። እ.ኤ.አ. በ1694 ወደ ኬፕ የተጋዙት ሼኽ ዩሱፍ አል-መቃሰሪ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። የእነዚህ ሙስሊሞች ልጆች ዲናቸውንም ድስታቸውንም ይዘው ኖሩ፤ የኬፕታውን የማላይ ካሪ እስከ ዛሬ የታወቀ ነው። እንግሊዞችም ባርነት ከታገደ በኋላ ሕንዶችን በውል ሠራተኝነት ወደ ሸንኮራ እርሻዎች ወሰዷቸው። በ1845 ወደ ትሪኒዳድ፣ በ1860 ወደ ደርባን የደረሱት ከነቅመማቸው ነበር። በደርባን ካሪን መሐሉ በተፈለፈለ ዳቦ ውስጥ ጨምሮ መብላት የተለመደው ከእነርሱ ነው።

በለንደን የመጀመሪያውን የሕንድ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1810 የከፈተው በሕንድ ፓትና ከተማ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደው ዲን መሐመድ ነው። ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ዛሬ ግን በብሪታንያ «የሕንድ» ከሚባሉት ምግብ ቤቶች የሚበዙት የባንግላዴሽ ሙስሊሞች፣ በተለይም የሲልሄት ሰዎች ናቸው። ጃፓኖች ካሪን ከእንግሊዞች ተቀብለው የባሕር ኃይላቸው ቀለብ አደረጉት፤ አሁን የቤታቸው የዘወትር ምግብ ነው።

ወደ አገራችንም ሕንዶች በቅርብ ዘመን መጥተዋል። የሕንድ ሙስሊሞች የነበረው የመሐመድ አሊ ኩባንያ በ1937 እ.ኤ.አ. በጣሊያን እስኪባረር ድረስ ከኢትዮጵያ ታላላቅ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። በረመዳን ማፍጠሪያ የማናጣት ሳንቡሳም ከፋርስ ተነስታ በዐረቦችና በሕንዶች ጓዳ በኩል ዞራ የደረሰችን እንግዳ ናት።

ወጡ የማን ነው?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ «ይህ ወጥ የእኔ ብቻ ነው» የሚል ማነው? የበርበሬው አገር አሜሪካ፣ የእርዱ ሕንድ፣ የኮረሪማው ከፋ ነው። ያመጣው ነጋዴ አፋር ወይም አርጎባ፣ ያመረተው ገበሬ ሀላባ ወይም ጎጃሜ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ሰዎችን ነገድና ጎሳ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ ከእርሱ ዘንድ የሚከበረውም በጣም ፈሪሃ አላህ ያለው መሆኑን ነግሮናል። ምድራችን በየጊዜው በዘር ክርክር ስትታመም እያየን ነው፤ ድስታችን ግን መተዋወቅ ምን እንደሚያፈራ በየቀኑ ያሳየናል።

የወሎ ሰው ይህንን በሠርግና በሐዘን ያውቀዋል። ክርስቲያኑ ጎረቤት ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ አሳርዶ ለብቻ ያሠራል፤ ሙስሊሙም ለጎረቤቱ እንዲሁ ያስባል። ሁሉም የሃይማኖቱን ወሰን ጠብቆ ቅመሙን፣ ድስቱንና ሐዘኑን ይካፈላል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ወልዲያና መርሳ ተይዘው ገበያ በተዘጋ ጊዜ ከጎረቤት የተካፈሉት አንድ ጭልፋ ሽሮ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የቀመሰው ያውቀዋል።

ድስቱ ውስጥ የገባው ማጭበርበር

ይህንን ሁሉ ታሪክ ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። ያ የቅመም መንገድ የቆመበት አማና ዛሬ በገዛ ገበያችን እየተሸረሸረ ነው። በርበሬ ከጡብ ዱቄትና ከቀይ አፈር ጋር ተቀላቅሎ መያዙን በተለያዩ ጊዜያት ከዜና ሰምተናል። እርጥብ ዛላ ከጆንያው ሥር፣ ደረቁ ከላይ ሆኖ ይሸጣል። በርበሬ ውስጥ ጨው መግባቱ የታወቀ ነው፤ ሚዛን እንዲያነሳ ተብሎ ከልማድ በላይ የሚጨመረው ጨው ግን ስርቆት ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ብሪታንያ ውስጥ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደብር ተሰብስበዋል። ምክንያቱም ለጫማ ቀለምና ለመሰል ሥራ የሚውል፣ ካንሰር ያመጣል የሚባል ቀይ ማቅለሚያ በሚጥሚጣ ዱቄት በኩል ገብቶባቸው ስለነበረ ነው። በባንግላዴሽ ደግሞ ነጋዴዎች እርዱ ደምቆ እንዲታይ እርሳስ ባለበት ቢጫ ቀለም ያሹት ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ተመራማሪዎች ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሲያደርጉ ከገበያ ከተወሰደው የእርድ ናሙና 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት። መንግሥት ሕዝቡን አስተማረ፣ ጥፋተኞችን በገበያ መሐል ቀጣ። በ2021 እንደገና ሲመረመር እርሳስ ያለበት ናሙና አልተገኘም። እንግዲህ በሁለት ዓመት መታረም የሚችል ጥፋት ነው፤ የሚፈልገው ቁርጠኝነት ብቻ ነው።

መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም አሉት፤ የሚያጭበረብር ሰውም ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ነገሩት። ወንድሞች፣ ይህ ሐዲስ ስለ እርጥብ በርበሬ የተነገረ አይመስልምን? በሌላ ሐዲስም ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ነውሩን ካልደበቁ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረከቱ እንደሚጠፋ አስተምረዋል። ሲገዙ ሞልተው የሚቀበሉ፣ ሲሸጡ የሚያጎድሉ ሰዎችን የሚያስጠነቅቅ ራሱን የቻለ ሱራ መውረዱም የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

የእርጥብ በርበሬ ጉዳት ኪስ ላይ ብቻ አይቀርም። በደንብ ያልደረቀ ዛላ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ፣ ለካንሰርም የሚዳርግ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በመቁላላት አይጠፋም። ስለዚህ እህቶቼ፣ ዛላ ስትገዙ ጆንያው ውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁ እዩ፤ ይህ ሱንና ነው። የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉ። በመሬት ወይም በአስፋልት ዳር ሳይሆን በንጹሕ ሰሌን ወይም ሸራ ላይ አስጡ። ሲጫን ኩሽ ብሎ እስኪሰበር ሳይደርቅ ወደ ወፍጮ አትላኩ። የተፈጨውንም እርጥበት በማይገባው ዕቃ ክደኑ። ወፍጮ ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ የሰው አማና በእጃችሁ ነው፤ የአንዱን ከአንዱ አትቀላቅሉ። ነጋዴዎቻችንም ነውሩን ነግራችሁ ሽጡ። ለማያውቃችሁ ሰው ስለ ዲናችሁ የመጀመሪያውን ወሬ የሚነግረው ሚዛናችሁ ነው።

ከመረቁ ለጎረቤት

በመጨረሻም አንድ ነገር አስታውሼ ላብቃ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.) መረቅ በሠራ ጊዜ ውኃውን እንዲያበዛና ጎረቤቶቹን እንዲያስታውስ መክረውታል። ሥጋውን አብዛ አላሉትም፤ ሥጋ ሁሉም አያገኝም። ውኃ ግን የሚቸግረው የለም። ወጣችን ቢቀጥን ምንም አይደለም፤ ሽታው የደረሰው ጎረቤት ከወጡም ይድረሰው። ከብዙ አገር ተሰብስቦ የመጣልንን ጸጋ ግድግዳ ለሚለየን ሰው መንፈግ አይገባም።

አላህ ሲሳያችንን ሐላል ያድርግልን፤ ሚዛናችንን ያቅናልን፤ በገበያችንና በማዕዳችን በረከት ያኑርልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።